ማሽኑ የሚጮህበት ተዳፋት

ያ ተዳፋት ለዓመታት "የሞተ መሬት" ሲባል ኖሯል። ከመሬት ውስጥ ብረታ ብረት የሚፈልገውን ማሽን፣ ዲቴክተር፣ ይዞ የወጣበት ሁሉ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይወርዳል። ማሽኑ ይጮሃላ! ኮይሉን፣ ከዘንጉ ጫፍ ያለውን ክብ ራስ፣ ወደ ግራ ብትወስደው ይጮሃል። ወደ ቀኝ ብትመልሰው ይጮሃል። የተገኘውን ነገር ዓይነት የሚነግርህ የስክሪኑ ቁጥር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘላል። ትቆፍራለህ፤ ምንም የለም። የመሬቱ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን "እዚያ ላይ አትድከሙ፣ ሁሉም ሞክሮ ትቶታል" ብለውን ነበር።

ይህ የጉዳይ ጥናት ስለዚያ ተዳፋት ነው። እኔና አንድ ወዳጄ በአንድ የብርድ ወቅት ሦስት ጊዜ ሄደንበታል፤ በዲሴምበር፣ በጃንዋሪ እና በፌብሩዋሪ። የቆፈርነውን ጉድጓድ ሁሉ በደብተር መዝግበናል፤ ከታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ከዚያ የተገለበጡ ናቸው። የገበሬውን ስምና የእርሻውን ትክክለኛ ቦታ ግን አልጽፍም። እሳቸው አልፈለጉም። እኔም አልፈልግም፤ ማታ ማታ ተደብቀው ገብተው የሚቆፍሩ ሰዎች አሉ።

መሬቱ

ብራንዲ ስቴሽን በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ከልፔፐር ካውንቲ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ጁን 9 ቀን 1863 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ትልቁ የፈረሰኞች ውጊያ እዚህ ተካሄደ። ወደ 20,000 ሰው ተሳትፎበታል። ስለ ቦታው የሚወራው ሁሉ ስለዚያ ቀን ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ከውጊያው ወራት በኋላ የመጣው ብርድ ነው።

በዲሴምበር 1863 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦር፣ የፖቶማክ ጦር የሚባለው፣ ከማይን ረን ዘመቻ ተመልሶ በዚህ ካውንቲ ሰፈረ። ከ100,000 ሰው በላይ ነበር። ከራፒዳን ወንዝ ማዶ የደቡቡ አዛዥ የሮበርት ሊ ጦር ተቀምጧል። ሁለቱ ወንዙን መሃል አድርገው ብርዱን አሳለፉ። የሰሜኑ ጠቅላይ አዛዥ ዩሊሲስ ግራንት በማርች 1864 መጥቶ ማዘዣውን ከልፔፐር ከተማ ላይ አደረገ። ሜይ 4 ቀን ጦሩ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ብዙዎቹ አልተመለሱም።

እነዚያን አምስት ወራት ወታደሩ እንዴት ኖረ? ደኑን ቆርጦ የግንድ ጎጆ ሠራ። ጣሪያው የድንኳን ሸራ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎጆ አራት ሰው ይተኛል። ጎጆው ሁሉ ምድጃና ጭስ ማውጫ አለው፤ ከድንጋይ፣ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ። ብርዱ ከባድ ስለሆነ እሳቱ ከምድጃው አይጠፋም። ይህን ምድጃ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አፈሩ። ከልፔፐር የተቀመጠችው በጥንት ስምጥ ሸለቆ ላይ ነው። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት አፍሪካና ሰሜን አሜሪካ መለያየት ሲጀምሩ መሬቱ እዚህ ጋር ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁ ግን ሳይሰፋ ቀረ። ሸለቆው በቀይ አሸዋና በደለል ተሞላ። ከሥር ደግሞ ቀልጦ የወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ ዲያቤዝ የሚባለው፣ በመሃል በመሃሉ ገባ። ዲያቤዝ በውስጡ ማግኔታይት፣ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን፣ አለው። በስምጥ ሸለቆ አገር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳነብ መሬቱ ዘመድ ሆኖ ነው የተሰማኝ። ለዲቴክተር ግን ቀይ አፈርና ማግኔት የሚስበው ጥቁር ድንጋይ አንድ ላይ ሲመጡ መልካም ዜና አይደለም።

ስለ ሕግ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን ታሪካዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ቆፍሮ ማውጣት በ1979 በወጣ ሕግ ወንጀል ነው። በብሔራዊ ፓርክነት በተከለሉ የጦር ሜዳዎችም ዲቴክተር ይዞ መገኘት ብቻውን ያስጠይቃል። በከልፔፐር የውጊያ ሜዳዎች ላይ በ2024 የግዛት ፓርክ ተከፍቷል፤ እሱም የማሽን ቦታ አይደለም። የቀረው የግል እርሻ ነው። እዚያም ባለቤቱ መፍቀድ አለባቸው። እኛ ፈቃዱን በጽሑፍ ነው የተቀበልነው። ያገኘነውን ሁሉ ለሽማግሌው እናሳያለን፤ የፈለጉትን ይወስዳሉ።

ዲሴምበር፦ ውሸታሙ ቁጥር

የመጀመሪያው ቀን ሁለታችንም ቪኤልኤፍ የሚባለውን የተለመደ ማሽን ይዘን ሄድን። መጀመሪያ ከተዳፋቱ ሥር ባለው ሜዳ ላይ ስድስት ሰዓት ሠራን። 27 ጉድጓድ ቆፈርን። ያገኘነው 4 ጥይት ነው። ሌላው ምስማር፣ ሽቦና የፈረስ ጫማ።

ጥይቶቹ ሚኒዬ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ሾጣጣ፣ ከሥራቸው ሦስት ቀለበት ያላቸው፣ በመቀመጫቸው ክፍት። እርሳስ አፈር ውስጥ ሲኖር ነጭ ቆዳ ያወጣል። ከቀይ ጭቃ መሃል እንዲያ ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል ያስደነግጣል። አራቱም ግን የተገኙት ከ12 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ነው። አንድም ጥልቅ የለም።

ወዳጄ "አለቀ ማለት ነው፤ ቀድመውን ጠርገውታል" አለ።

እኔ አላመንኩም። 160 ዓመት ሙሉ ሳር እየበሰበሰ፣ ትል አፈሩን እየገለበጠ፣ ዝናብ ከላይ ደለል እያወረደ፣ ጥይቱ ሁሉ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት አንድ ሙከራ አደረግን።

ሙከራው ቀላል ነው፤ ግን አሠራሩ ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው ጥይቱን ቀብሮ፣ አፈር መልሶ፣ ከላይ ይለካል። ይህ ስህተት ነው። የተነካካ አፈር ካልተነካ አፈር እኩል አይደለም። እኛ ጉድጓድ ቆፈርንና ከጉድጓዱ ግድግዳ ወደ ጎን ቀጭን ቀዳዳ በሳን። ጥይቱን በዚያ ቀዳዳ አስገባነው። ስለዚህ ከጥይቱ በላይ ያለው አፈር አልተነካም። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ጥሩ ድምፅ፣ ጥሩ ቁጥር። 15 ላይ ቁጥሩ መዝለል ጀመረ፤ ግማሹ ድምፅ የብረት ድምፅ ሆነ። 20 ላይ ማሽኑ ያለ ምንም ማመንታት "ብረት ነው" አለ። 25 ላይ ጸጥ አለ። ያንኑ ጥይት አየር ላይ ስንይዝለት 28 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሰማዋል።

20 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለውን አስቡት። ማሽኑ ጥይቱን አልሳተውም። አግኝቶታል። ግን ስሙን ቀይሮ ነው የሚነግርህ። ዲስክሪሚኔሽን የሚባለውን ማጣሪያ የከፈተ ሰው ደግሞ ድምፁንም አይሰማም፤ ማሽኑ ብረት ነው ብሎ ያፍነዋል። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ሁሉ በዚያ ሜዳ ላይ በጥይት ላይ እየተራመዱ ነው የሄዱት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቪኤልኤፍ ሳያቋርጥ የማግኔት ሞገድ ይልካል፤ እየላከም ያዳምጣል። እርሳስንና ናስን የመሰለ ነገር ሞገዱን አዘግይቶ ይመልሳል። ብረት በሌላ መንገድ ይመልሳል። ማሽኑ የመዘግየቱን መጠን አይቶ ነው ቁጥር የሚሰጥህ። አፈሩ ውስጥ ማግኔታይት ካለ ግን አፈሩም ይመልሳል። እሱም እንደ ብረት ነው የሚመልሰው። ጥይቱ ቅርብ ሲሆን ድምፁ የአፈሩን ያሸንፋል። ሲርቅ ግን የጥይቱ ድምፅ በአንዴ ነው የሚሞተው፤ ከኮይሉ ስፋት ካለፍክ በኋላ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ 64 እጥፍ ያንሳል። አፈሩ ግን ሁልጊዜ ኮይሉ ሥር ነው። ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ድምሩ ወደ ብረት ያዘነብላል።

ይህ ችግር ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን ከሰውነታቸው ውስጥ ለመፈለግ የዚህን መሣሪያ አያት ይዞ መጣ። መሣሪያው ይሠራል። ጥይቱን ግን አላገኘውም። የአልጋው ፍራሽ የብረት ሽቦ ነበረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ሥራ ዋና ጥያቄ አንድ ነው፤ ከምትፈልገው ነገር አጠገብ ያለውን ድምፅ ምን ታደርገዋለህ?

ከመመለሳችን በፊት ሜዳውን እንደገና ዞርን። በዚህኛው ዙር ማጣሪያውን ዘጋን፤ ማሽኑ "ብረት" የሚላቸውን ድምፆች ሁሉ ሰማን። ስስ ሆነው ግን ከሁለቱም አቅጣጫ የሚደጋገሙ ሰባት ቦታዎች ላይ ችካል ተከልን። ወደ ተዳፋቱም ወጣን። ማሽኑ ጮኸ። ወረድን።

ጃንዋሪ፦ የሚያቋርጠው ማሽን

በሁለተኛው ጉዞ ፐልስ ኢንዳክሽን ማሽን ተውሰን መጣን። ይህ ማሽን እየላከ አያዳምጥም። ኃይለኛ ምት ይልካል፤ ከዚያ ያቆማል፤ በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ የሚመለሰውን ያዳምጣል። የማግኔታይቱ አብዛኛው ምላሽ ምቱ ሲቆም አብሮ ይቆማል። በጥይቱ ውስጥ የዞረው ኤሌክትሪክ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው። ማሽኑ ያንን ይይዛል።

በመጀመሪያ የሄድነው ወደ ችካሎቹ ነው። ከሰባቱ ሦስቱ ጥይት ሆኑ። አራቱ ምስማር። ሦስቱ ጥይቶች ከ19 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበሩ፤ ሙከራችን ማሽኑ ይዋሻል ባለበት ጥልቀት ላይ ማለት ነው። ወዳጄ ሦስተኛውን ሲያወጣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ ደቂቃ ዝም አለ። "ስንቱን ረግጠን አልፈናል" ነው ያለው በመጨረሻ።

በዚያ ቀን 38 ጉድጓድ ቆፈርን። 9 ጥይት፣ 2 የናስ የኮት ቁልፍ፣ 1 የእርሳስ ቁራጭ። የቀሩት 26ቱ ብረት ነበሩ። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ፐልስ ኢንዳክሽን ምስማርን ከጥይት በደንብ አይለይም። ጥልቀቱን ይሰጥሃል፤ ምርጫውን ግን ይወስድብሃል። ከጥይቶቹ አንዱ 31 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር። በዚያ አፈር ውስጥ የእኛ ቪኤልኤፍ ይህን በምንም ተአምር አይሰማውም። ግን ለዚያ አንድ ጥይት ስንት የዛገ ምስማር በጉልበታችን ተንበርክከን እንዳወጣን እጃችን ያውቃል።

ትልቅ ኮይል ለምን አታደርጉም የሚል ካለ፣ ሞክረናል። ትልቅ ኮይል ጥልቅ ያያል፤ ግን አፈሩንም አብዝቶ ያያል። በንጹሕ አፈር ትርፍ ነው። በቀይ አፈር ግን ከመካከለኛው የበለጠ ያገኘንበት ጥቅም የለም። ስሜታዊነቱን ዝቅ ማድረግ፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ግራውንድ ባላንሱን በየጥቂት ደቂቃው ማስተካከል የበለጠ ጠቀመን። ለባላንሱ ኮይሉን ብረት በሌለበት ቦታ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ታደርገዋለህ፤ ድምፁ እስኪረጋጋ። ለማሽኑ "የዚህ መሬት ዝምታ ይህ ነው" እንደ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ በዚህ ማሽን ተዳፋቱን እናሸንፈዋለን ብለን ወጣን። የሆነው ሌላ ነው። ፐልሱም ተረበሸ። እንደ ቪኤልኤፉ አልጮኸም፤ ግን ዝምታውን መያዝ አቃተው። ባላንስ ታደርጋለህ፣ ሁለት እርምጃ ትሄዳለህ፣ ድምፁ ያብጣል። ሁለት እርምጃ ትጨምራለህ፣ ይመለሳል። እንደገና ያብጣል።

ይህ ነው ያስቆመኝ። አፈሩ በሙሉ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ድምፁ በሙሉ መጥፎ ይሆን ነበር። ይህ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። እርሻው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀይ አፈር ነው። ታዲያ እዚህ በሁለት እርምጃ ልዩነት ምን ይለዋወጣል?

መልሱን ያገኘሁት እዚያ አይደለም። ቤት ገብቼ ስለ አፈርና ስለ እሳት ሳነብ ነው።

ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገው የብረት ዝገት ነው፤ ሄማታይት የሚባለው። ሄማታይት ራሱ ማግኔትነቱ ደካማ ነው። ማሽኑን ብዙ አይረብሽም። ነገር ግን አፈሩን እሳት ሲነካው፣ በተለይ ቅጠልና ሥር ያለበት አፈር አየር እያጠረው ሲነድ፣ ሄማታይቱ ወደ ማግኔታይት ይለወጣል። እሳቱ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከፊሉ ማግሄማይት የሚባል ሌላ ብርቱ ማዕድን ይሆናል። ቀለሙ ብዙ ላይለወጥ ይችላል። የማግኔት ጉልበቱ ግን ብዙ እጥፍ ያድጋል። ደቃቅ የሆነው ማግሄማይት ደግሞ ከምቱ በኋላ ወዲያው ዝም አይልም፤ ቀስ እያለ ነው የሚረጋው። ስለዚህ ፐልስ ኢንዳክሽኑንም ያታልላል። ያየነው እሱኑ ነው።

አርኪዮሎጂስቶች ይህን ከጥንት ያውቁታል። በ1958 እንግሊዝ አገር ውስጥ ማርቲን አይትከን የሚባል ሳይንቲስት በማግኔቶሜትር፣ የማግኔት ጉልበትን በሚለካ መሣሪያ፣ የሮማውያንን የሸክላ መተኮሻ ምድጃ መሬት ሳይቆፍር ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። የተቃጠለ ጭቃ ያስታውሳል።

ሌሊት ነበር። ለወዳጄ ደወልኩ። "ምድጃ ነው" አልኩት። "የቱ?" አለ። "የሚጮኸው። የሚጮኸው ሁሉ ምድጃ ነው።"

እስቲ አስቡት። አራት ሰው በአንድ ጎጆ፣ አምስት ወር፣ እሳቱ ሳይጠፋ። ሰዎቹ ቁልፋቸው የተበጠሰበት፣ ጥይት ያንጠባጠቡበት፣ ያረጀውን የጣሉበት ቦታ ሁሉ ከዚያ እሳት ዙሪያ ነው። እሳቱም አፈሩን ለውጦ ዕቃቸውን ከእኛ ማሽን ሸሸገው። ሁሉም ሰው የሸሸው ሰፈሩ ካለበት ቦታ ነው።

ፌብሩዋሪ፦ ሳንቆፍር የሠራነው ካርታ

ለሦስተኛው ጉዞ ዕቅዳችንን ቀየርን። ዕቃ መፈለግ አቆምን። ጩኸቱን ፈለግን።

የእኔ ቪኤልኤፍ በስክሪኑ ጥግ ላይ የአፈሩን የማዕድን ብዛት በመስመሮች ያሳያል። ሙሉው ሰባት መስመር ነው። ብዙ ሰው አያየውም፤ እኔም አላየውም ነበር። ተዳፋቱ ላይ በየሁለት ሜትሩ ገመድ ዘረጋን። ገመዱን ተከትለን በየእርምጃው ኮይሉን እየነቀነቅን መስመሩን ቆጠርን፤ ወዳጄ እየጻፈ፣ እኔ እየጠራሁ። አራት፣ አራት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ አምስት፣ አራት። ስድስትና ከዚያ በላይ የሆነበት ላይ ትንሽ ባንዲራ ተከልን።

ገና ሳንጨርስ ነው የታየን። ወዳጄ ቀና ብሎ ዞር አለና "ወንድሜ፣ ወደዚህ ና፤ ከዚህ ቆመህ እይ" አለኝ። ከታች ሆኖ ሲታይ ባንዲራዎቹ የተበተኑ አልነበሩም። 11 ክምር፣ በሁለት ረድፍ፣ ትይዩ። በአንዱና በሌላው መካከል ከአራት እስከ አምስት ሜትር። በሁለቱ ረድፎች መካከል ደግሞ ባዶ መንገድ። ወታደር ሲሰፍር በሻምበል በሻምበል መንገድ አውጥቶ ነው ጎጆ የሚሠራው። ያ መንገድ ፊታችን ነበር። ምንም አልቆፈርንም።

ከ11ዱ ሁለቱን ብቻ፣ እሱም በጠርዛቸው፣ ለመክፈት ተስማማን።

የመጀመሪያው ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ስንወርድ አፈሩ ተለወጠ። እንደ ጡብ ደረቅ፣ ፍም የመሰለ ቀይ ሆነ። ከዚያ ከሰል። ከዚያ አንድ ወገናቸው የጠቆረ ሁለት ድንጋዮች። ከኮይል ይልቅ ፒንፖይንተሩን፣ በእጅ የሚያዘውን ትንሽ መፈለጊያ፣ ዝቅተኛ ስሜት ላይ አድርገን የጉድጓዱን ግድግዳ እየነካን ሠራን፤ በዚያ አፈር ውስጥ በሚገባ የሠራው እሱ ብቻ ነው። ንስር የተቀረጸባቸው ሦስት የኮት ቁልፎች ወጡ። የአንዱ ጀርባ ሲጸዳ "ስኮቪል" የሚል ይነበባል፤ ኮነቲከት፣ ዋተርበሪ የነበረ የናስ ፋብሪካ ነው። ቀልጦ የፈሰሰ እርሳስም ነበር፤ አንድ ሰው እሳቱ ላይ እርሳስ ሲያቀልጥ የተንጠባጠበ።

አንድ ሌላ ነገርም ወጣ፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ የእርሳስ ቁራጭ፣ ጠርዙ በቢላ የተላገ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅነውም። አዙረን ስናየው ከሥሩ የጥይት ቀለበት ምልክት ቀርቶበታል። ወታደሩ ጥይቱን ቀጥቅጦ የዳማ ጠጠር ሠርቶታል። ሰፈር ውስጥ ሥራ ሲፈቱ ከጥይት መጫወቻ መቅረጽ የተለመደ ነበር። ዕድሜውን አላውቅም፣ ስሙን አላውቅም። ግን በዚያ ብርድ እሳት ዳር ተቀምጦ ከማን ጋር እንደተጫወተ ለማወቅ የማልሰጠው ነገር የለም።

ሁለተኛው ምድጃ ላይ አቆምን። 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ትልቅ ብረት ነበር፤ ከአፈሩ ሲወጣ ዙሪያው ክብ። ያን ጊዜ እጃችንን ሰበሰብን። የዚያ ጦርነት የመድፍ አረር ባሩዱ እስከ ዛሬ ሊሠራ ይችላል። በቨርጂኒያ ውስጥ በ2008 አንድ ሰብሳቢ አረር ሲያጸዳ ፈንድቶበት ሞቷል። ስለዚህ ክብ ብረት ስታይ አካፋህን ታስቀምጣለህ፣ ትርቃለህ፣ ትደውላለህ። ሽማግሌው ደወሉ። ባለሙያዎቹ መጥተው ቀስ ብለው ገለጡት። እግር ነበረው። የብረት ድስት ነው፤ ግማሹ የተሰበረ። እስኪመጡ የጠበቅነውን ሁለት ሰዓት አልቆጨንም።

ድስቱ እዚያው አለ። መልሰን አለበስነው።

እዚህ ላይ እኔና ወዳጄ ተከራክረን ነበር። እሱ የቀሩትን ዘጠኙን እንክፈት አለ። ምክንያት አለው፤ ብረቱ በየዓመቱ ይበሰብሳል፣ ሌላ ሰው ማታ መጥቶ ሊያወጣው ይችላል። እኔ ግን ካርታውን እያየሁ እምቢ አልኩ። ሜዳ ላይ የወደቀ ጥይት ብቻውን ነው፤ ብታነሣው ብዙ አታጠፋም፣ ቦታውን ከመዘገብክ። ምድጃ ግን እንዲያ አይደለም። ከሰሉ፣ ድንጋዩ፣ ቁልፉ፣ የዳማው ጠጠር አብረው ናቸው የሚናገሩት። እኛ በሁለት ሰዓት ቁፋሮ የመጀመሪያውን ምድጃ ጠርዝ ለዘላለም ዘግተነዋል። ማንም ተመልሶ እንደነበረ አያየውም። ይህ አሁንም ይከነክነኛል።

ሽማግሌው ናቸው የፈረዱት። ደብተሩን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተን ሁለቱን ረድፍ ስናሳያቸው ለረጅም ጊዜ ጣታቸውን በመንገዱ ላይ አሳለፉ። አባታቸውም አያታቸውም ያንን ተዳፋት አርሰውት አያውቁም፤ ድንጋይ ስለሚበዛው ለከብት ነው የተውት። "አልታረሰም፤ እንዳለ ነው ያለው እንግዲህ" አሉ። ከዚያ አርኪዮሎጂስት እንድንፈልግ ጠየቁን።

በማርች አንዲት አርኪዮሎጂስት መጣች። የአፈር ማግኔትነት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይዛ ነበር። የእኛን ገመድ መልሳ ዘርግታ በየእርምጃው ለካች። ከ11ዱ ክምሮቻችን አሥሩ በእሷም መለኪያ ከፍ ብለው ወጡ። አንዱ የዲያቤዝ ድንጋይ ነው፤ ከሥር ተቀብሮ ያለ። እሷ ደግሞ እኛ የዘለልነውን አንድ ጨመረች፤ በረድፉ ጫፍ፣ ስክሪኑ አምስት መስመር ስላሳየ ያለፍነው ቦታ ላይ። በሚቀጥለው የብርድ ወቅት ማግኔቶሜትር ይዛ ተመልሳ ተዳፋቱን በሙሉ ልትለካው ነው።

ሽማግሌው ከብቶቹን ከተዳፋቱ አውርደዋል። ዙሪያውን ሊያጥሩት ሽቦ ገዝተው ነበር። እሷ ሽቦ ልኬቱን ያበላሽብኛል ስላለቻቸው ሽቦውን ትተው እንጨት ገዙ። ባለፈው ሳምንት እኔና ወዳጄ ሄደን ችካሎቹን አብረናቸው ተከልን፤ ያለ አንድ ምስማር፣ በገመድ እያሰርን።